«ደህና ነኝ» ስንት ሚሊግራም ነው?

ታናሽ እህቴ ኤንክሌክስ ለሚባለው የአሜሪካ የነርሶች ፈቃድ ፈተና ስትዘጋጅ ጥያቄ አንባቢዋ እኔ ነኝ። ማታ ከአረጋውያን መጦሪያ ሥራዋ ትመለስና ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ እግሯን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክራ፣ «በል ጋሼ፣ ቀጥል» ትለኛለች። የሕክምና ዕውቀቴ ከራስ ምታት ኪኒን አያልፍም፤ ዕድሜዬን የገፋሁት በልብ ወለድና በግጥም መጻሕፍት መካከል ነው። ቢሆንም ያን እንደ ጡብ የከበደ የመለማመጃ መጽሐፍ ጭኔ ላይ ዘርግቼ አነባለሁ፤ እርሷ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች፤ አንዳንዴም ጥያቄው ሳያልቅ እንቅልፍ ይጥላታል።

ውድ አንባቢያን፣ በሥነ ጽሑፍ ገጽ ላይ የመድኃኒት ልክን ምን አመጣው እንዳትሉኝ። ሦስት ወር ሙሉ ጮክ ብዬ ሳነብ ከቆየሁ በኋላ አንድ እምነት አድሮብኛል፤ እነዚህ ጥያቄዎች ከሒሳብም ከሕክምናም በፊት የንባብ ፈተናዎች ናቸው። እኛ በቅኔ ወግ ያደግን ሰዎች ደግሞ ለአንደኛው ዓይነት ጥያቄ እንቅፋት፣ ለሁለተኛው ዓይነት ግን ስንቅ የሚሆን ልማድ ይዘን ነው የምንቀርበው። ችግሩ ስንቁን ቤት ትተን እንቅፋቱን ተሸክመን መሄዳችን ነው።

አንደኛው ዓይነት የመድኃኒት ልክ ጥያቄ ነው። በመጽሐፉ አካሄድ አንድ ልጻፍላችሁ፦ «ክብደቱ 44 ፓውንድ ለሆነ ሕፃን አሞክሲሲሊን ታዟል፤ ልኩ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ 40 ሚሊግራም ሲሆን ለሁለት ተከፍሎ በየ12 ሰዓቱ ይሰጣል። በእጅ ያለው ሽሮፕ በ5 ሚሊሊትር ውስጥ 250 ሚሊግራም ይዟል። በአንድ ጊዜ ስንት ሚሊሊትር ይሰጠዋል?» እህቴ ይህን የምትሠራው በጣቷ አየር ላይ እየጻፈች ነው። 44 ለ2.2 ሲካፈል 20 ኪሎ፤ 20 በ40 ሲባዛ በቀን 800 ሚሊግራም፤ ለሁለት ሲከፈል 400፤ 400 ለ250 ተካፍሎ በ5 ሲባዛ 8 ሚሊሊትር። እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚመረጥ መልስ አይቀርብለትም፤ ባዶ ሣጥን ብቻ ነው፣ ቁጥሩን ተፈታኙ ራሱ ይጽፋል። ፓውንዱን ወደ ኪሎ መመለስ የዘነጋ ሰው 17.6 ያገኛል። ከዚያች አንዲት ቃል በቀር ስሌቱ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ሕፃኑ ከእጥፍ በላይ ይጠጣል! በድርሰት ዓለም አንዲት ቃል የዘለለ አንባቢ የሚያጣው ደስታውን ነው፤ እዚህ ግን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

የግሉኮሱ ጥያቄ ደግሞ አለ። 1000 ሚሊሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲገባ ታዟል፤ ቱቦው አንዱን ሚሊሊትር በ15 ጠብታ ያወርዳል፤ በደቂቃ ስንት ጠብታ? ስሌቱ 31.25 ይመጣና 31 ተብሎ ይጻፋል፤ ጠብታ አይሰነጠቅምና። («ጠብታ አይሰነጠቅም» ያለችው እህቴ ናት። ለግጥም ልወስዳት ብጠይቅ ከለከለችኝ።)

ከሁሉም ያስደነቀኝ ግን የነጥቧ ነገር ነው። ነርስ 1.0 ሚሊግራም ብላ አትጽፍም፤ ነጥቧ ከደበዘዘች 10 ተብሎ ይነበባልና። ግማሹንም ከፊቱ ዜሮ ሳታስቀድም አትጽፍም፤ 0.5 እንጂ .5 አይባልም። ጆይንት ኮሚሽን የሚባለው የአሜሪካ የሕክምና ተቋማት መዛኝ በ2004 እ.ኤ.አ. በመድኃኒት ትእዛዝ ላይ እንዳይጻፉ ባወጣው የክልክል ዝርዝር ውስጥ ሁለቱም አሉ። «ዩኒት» ለማለት በእጅ የሚጻፈው ነጠላ የእንግሊዝኛ ፊደልም አለበት፤ ዜሮ ይመስላልና 10 ዩኒት ኢንሱሊን የታዘዘለት ሰው 100 ሊወጋ ይችላል። በኖቬምበር 2007 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ የተዋናዩ የዴኒስ ኩዌይድ መንታ ሕፃናት በሚሊሊትር 10 ዩኒት ካለው የሄፓሪን ጠርሙስ ሊሰጣቸው ሲገባ 10,000 ዩኒት ካለው ተሰጣቸው። አንድ ሺህ እጥፍ! የሁለቱም ጠርሙሶች ልጣፍ ሰማያዊ ነበር። ሕፃናቱ እንደ ዕድል ሆኖ ተርፈዋል። እኛ ስለ አራት ነጥብና ስለ ነጠላ ሰረዝ በጋዜጣ ስንከራከር የኖርን ሰዎች ነጥብ እንዲህ የምትከብድበት ጽሑፍ መኖሩን የምናውቅ አይመስለኝም።

እንግዲህ እንቅፋታችን ያልሁት እዚህ ላይ ይመጣል። እኛ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ስናገኝ እናጨበጭባለን። ሰሙን አልፎ ወርቁን ያየ ሰው በመካከላችን ይከበራል፤ በግልጽ የተናገረ ሰው ግን «ደረቅ» ይባላል። ፊደላችን ራሱ በዚህ ይተባበረናል፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። «ይሰጣል» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ሰን አላልታችሁ ብታነቡት ሰውዬው ሰጪ ነው፤ ብታጠብቁት መድኃኒቱ ተሰጪ ነው። ይህ ለባለቅኔ ሀብት ነው፤ ለመድኃኒት ትእዛዝ ግን መርዝ ነው። ነርስ የምትጽፈው ጽሑፍ ከአንድ በላይ ትርጉም ሊኖረው አይገባም፤ በሌሊት፣ በደከመ ዓይን፣ በደብዛዛ መብራት የሚያነበው ባልደረባዋም ሌላ ፍቺ እንዳያገኝለት ሆኖ መጻፍ አለበት። የመድኃኒት ልክ ጥያቄ በሺህ ጊዜ ድግግሞሽ የሚያስተምረው ይህንን ወርቅ የሌለው ሰም አጻጻፍ ይመስለኛል። አልዋሽም፣ እኔ ባለሙያ ነኝ ባይ ጸሐፊው ከዚህ መጽሐፍ የተማርኩት ጥቂት አይደለም።

ሁለተኛው ዓይነት ጥያቄ ታካሚውን ማዕከል ያደረገ እንክብካቤ የሚሉት ነው። ሐሳቡ ስም ያገኘው ዛሬ አይደለም፤ የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ከስድስቱ የሕክምና ጥራት ዓላማዎች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። በመጽሐፉ ግን ሁለቱ ዓይነቶች በተለያየ ምዕራፍ ተቀምጠዋል፤ ተፈታኞችም አንዱን «ሒሳቡ» ሌላውን «ወሬው» እያሉ ለያይተው ያጠኗቸዋል። ይህ መለያየት ነው የማይዋጥልኝ።

ወደ ሕፃኑ እንመለስና፣ 8 ሚሊሊትር ተገኘ እንበል። እናቱ ሽሮፑን ተቀብላ «ስንት ማንኪያ ነው?» ትላለች። አሁን ምን ይባላል? የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊሊትር፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊሊትር ይይዛል፤ ከጓዳ መሳቢያ ውስጥ የሚወጣው ማንኪያ ግን የትኛውንም አያክልም። «አንድ ተኩል ማንኪያ» ያልናት እናት የሾርባውን ብታነሣ ልጇን 22.5 ሚሊሊትር ታጠጣዋለች። ያ ሁሉ የአየር ላይ ስሌት ገደል ገባ ማለት ነው! ነርሷ መርፌ የሌለውን የአፍ መስጫ ሲሪንጅ ሰጥታ፣ 8 ላይ ያለችውን መስመር አሳይታ፣ ከዚያም «እስኪ እርስዎ ይሳቡና ያሳዩኝ» ማለት አለባት። 8 ሚሊሊትር መልስ የሚሆነው እናትየዋ በእጇ ስባ ያሳየች ጊዜ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ግማሽ መልስ ነው።

ስንቃችን ያልሁት ደግሞ እዚህ ነው። ነርስ የምትጽፈው ሰም ብቻ መሆን ቢገባውም የምትሰማው ግን ሰምና ወርቅ ነው። የእኛ ሰው ታሞ አልጋ ላይ ተኝቶ «እንዴት አደሩ?» ሲባል «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ሆዱ ተቀዶ ያደረ ሰው «ደህና ነኝ» ይላል! አሜሪካዊቷ ነርስ «ሕመምዎን ከዜሮ እስከ ዐሥር በቁጥር ይንገሩኝ» ስትለው ምስጋናውን ወደ ቁጥር መልሶ «ሁለት» ይላታል። ዐሥር ማለት ፈጣሪን ማማረር ይመስለዋላ። ይህን «ደህና» የሚፈታ ቀመር በየትኛውም ገጽ የለም። እህቴ ግን ትፈታዋለች፤ የአባታችንን «ደህና ነኝ» ስትሰማ ነው ያደገችው። «ይወጋኛል» እና «ይጠዘጥዘኛል» አንድ አለመሆናቸውን፣ «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ያለ ሰው የጨጓራ ሽሮፕ እንደማያስፈልገው ማንም አላስተማራትም።

«መድኃኒት» የሚለውን ቃል ራሱን ውሰዱ። የአይጥ መድኃኒት አለ፤ «መድኃኒት አበሉት» ስንል አዳኑት ማለታችን አይደለም። «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ተብለው የተጠየቁ እናት «ኧረ የለም» ቢሉ አልዋሹም፤ ለስኳራቸው ጠዋት ጠዋት የሚጠጡት አብሽ በእርሳቸው መዝገበ ቃላት ምግብ ነው። አብሽ ደግሞ የደም ስኳርን ዝቅ የማድረግ ጠባይ ስላለው ከታዘዘላቸው ኪኒን ጋር ሲደመር ነርሷ ማወቅ ይገባታል። ስለዚህ «መድኃኒት አለ?» ሳይሆን «ጠዋት ከቁርስ በፊት ምን ይጠጣሉ?» ነው መባል ያለበት።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ብቻ የመጣ አይደለም። በ1980 እ.ኤ.አ. በፍሎሪዳ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ሲገባ ስፓኒሽ ተናጋሪ ቤተሰቦቹ የበላው ነገር ሳይጎዳው እንዳልቀረ ለመናገር «ኢንቶክሲካዶ» አሉ። ሐኪሞቹ ቃሉን በእንግሊዝኛ ጆሮ ሰምተው አደንዛዥ ዕፅ አብዝቶ ወስዷል ብለው አከሙት። ሕመሙ በአንጎሉ ውስጥ የፈሰሰ ደም ነበር፤ ያ ሳይታወቅ ቀናት አለፉ፤ ወጣቱ እጅና እግሩ ሽባ ሆኖ ቀረ። ሁሉም የተግባቡ ስለመሰላቸው ባለሙያ አስተርጓሚ የጠራ አልነበረም።

ወደ መለማመጃው ልመለስ። እህቴን ደጋግሞ የጣላት ጥያቄ ይህን ይመስላል፦ «የደም ግፊት ሕመምተኛ የሆኑ ሰው ‹ዛሬ መድኃኒቱን አልወስድም› አሉ። ነርሷ በቅድሚያ ምን ታደርጋለች? አንድ፣ የመድኃኒቱን ጥቅም ታስረዳለች፤ ሁለት፣ ለሐኪሙ ታሳውቃለች፤ ሦስት፣ ያልፈለጉበትን ምክንያት ትጠይቃለች፤ አራት፣ እምቢታቸውን በመዝገብ ታሰፍራለች።» እህቴ ሁልጊዜ ሁለትን ትመርጣለች። በትልቅ ሰው ፊት አንገታችንን ደፍተን ያደግን ነንና ከአቅም በላይ የመሰለንን ነገር ለበላይ ማሳወቅ ደማችን ውስጥ አለ። አራቱም ደግሞ ትክክል ናቸው፤ ጥሩ ነርስ አራቱንም ታደርጋለች። የፈተናው ነፍስ ያለችው «በቅድሚያ» በምትለው ቃል ውስጥ ነው። ምክንያቱን ሳታውቅ የምታስረዳው ምኑን ነው? ሰውየው ጾመኛ ሆነው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ባልቀመሰ ሆድ ኪኒን መዋጥ ከብዷቸው ይሆን? ትናንት ከወሰዱ በኋላ አዙሯቸው ይሆን? ገንዘብ አልቆባቸው እየቆጠቡ ይሆን?

አብረዋት የሚያጠኑ ልጆች ለዚህ አቋራጭ አግኝተውለታል። «ስለ ስሜት የሚጠይቀውን መልስ ምረጪ፣ አሜሪካኖች እሱን ይወዳሉ» ይሏታል። እኔ ይህን ምክር እጠላዋለሁ። ሁልጊዜ ባያሳልፋቸውም አልፎ አልፎ ሳያሳልፋቸው አይቀርም፤ የምጠላው ግን የሰውን ቃል ማዳመጥን የአሜሪካኖች ጠባይ አድርጎ ስለሚያስቆጥር ነው። የማያምኑበትን መልስ መርጠው ያለፉ ሰዎች የሌሊት ፈረቃ ሲሆን፣ ተቆጣጣሪ በሌለበት፣ ሃያ ታካሚ ሲጠራቸው ያን መልስ ከየት ያመጡታል?

ይህን ያህል የምቆረቆርበት ምክንያት አለኝ። እናታችን ከአዲስ አበባ በመጡ በዓመታቸው ደም ግፊታቸው ተነሥቶ ሆስፒታል ገብተው ነበር። ሲወጡ ነርሷ ኪኒኑን ጠዋት በስምንት ሰዓትና ማታ በስምንት ሰዓት እንዲወስዱ ነገረችን። ልኩ ትክክል ነበር፤ ልጣፉም ንጹሕ ነበር፤ ባለ ዜሮ ነጥብ ስሕተት አልነበረበትም። «ገባዎት?» ብላ ጠየቀቻቸው፤ «አዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሏት። እናታችን ግን በስምንት ሰዓት የሚያውቁት ከቀትር በኋላ ያለውንና እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ያለውን ስምንት ነው። የሚነጉትም የሚመሹትም በአገራቸው ሰዓት ነው። በቀን ስምንት ሰዓት አንዱን ይውጣሉ፤ ሌሊት ደግሞ ደወል ሞልተው፣ በስምንት ሰዓት ከእንቅልፍ ተነሥተው፣ ሌላውን በጨለማ ይውጣሉ። በመካከሉ 12 ሰዓት አለ፤ በሒሳብ ቢታይ እንከን አይወጣለትም! በዘጠነኛው ሌሊት ወደ መታጠቢያ ቤት ሲሄዱ አዙሯቸው ወደቁ፤ የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ዛሬም ሊጥ ሲያቦኩ በግራቸው ነው።

«ስምንት ሰዓት» ብሎ የተረጎመላቸው ሰው ማን ነበር? እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት እዚህ አገር የኖርኩት፣ ቃል መራጩ፣ የሌላውን ትርጉም በቀይ እስክሪብቶ የማርመው እኔ። «ሁለት ሰዓት» ማለት ነበረብኝ። ነርሷም «ገባዎት?» ከምትል «እስኪ መቼ መቼ እንደሚወስዱ ይንገሩኝ» ብትላቸው ኖሮ ያን ጊዜ እዚያው ክፍል ውስጥ ይታወቅ ነበር። እናታችን «አዎ» ያሉት ስለገባቸው አልነበረም፤ የተቻኮለችን ልጅ ላለማስቸገር ነው።

ስለዚህ ለእህቴም፣ እንደ እርሷ ለሚያጠኑ ሁሉም የምለው ይህ ነው፤ የእያንዳንዱን ጥያቄ መልስ ካገኛችሁ በኋላ መልሳችሁ በአማርኛ ለአንድ ለምታውቁት ሰው ንገሩት። 8 ሚሊሊትር ካላችሁ ለዚያች እናት በምን ቃል እንደምትነግሯት ጮክ ብላችሁ ሞክሩት። «በየ12 ሰዓቱ» ካላችሁ የማን ሰዓት እንደሆነ ተናገሩ። አገር ቤት ያሉ ነርሶችም ትምህርታቸውን የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ አልጋው አጠገብ ሲደርሱ ግን የሚጠብቃቸው አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሶማልኛ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ያለውን መንገድ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን፣ ያለ መለማመጃ ይሻገሩታል።

እህቴ ይህን ስነግራት እግሯን ከውኃው አውጥታ እያበሰች ሳቀችብኝ። «ጋሼ፣ ፈተናው እኮ በአማርኛ አይደለም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ኮምፒዩተሩ ቢያንስ 85፣ ቢበዛ 150 ጥያቄ ያቀርብላታል፤ ያላት አምስት ሰዓት ነው፤ ስትመልስ ያከብድባታል፣ ስትስት ያቀልላታል፤ ባሻው ቦታ ላይ ያቆማታል። ባለፈው ጊዜ ወድቃለች። እንደገና ለመቀመጥ 45 ቀን መጠበቅ፣ 200 ዶላርም እንደገና መክፈል ነበረባት። ለሁለት ሥራ የምትሮጥ ሴት አንዱን ጥያቄ በሁለት ቋንቋ አጥኚ ማለት የቅንጦት ምክር ይመስላል፤ ይህንን ለመካድ አልደፍርም። ሆኖም ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፈተናው ራሱ ተለውጦ የአንድ ታካሚን ታሪክ ከመግቢያው ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እያስነበበ፣ ምን አስተዋልሽ፣ ምን ታስቀድሚያለሽ እያለ የሚጠይቅባቸው ክፍሎች ገብተውበታል። ታሪክ ማንበብ የሚችል ሰው ደግሞ ታሪኩን በራሱ አንደበት መልሶ መናገር የሚችል ነው።

ፈተናዋ የፊታችን ማክሰኞ ነው። ትናንት ማታ ያንን የእምቢታ ጥያቄ ሳነብላት አሁንም ሁለትን መረጠች። እናታችን ጓዳ ሆነው በግራ እጃቸው ሽንኩርት ይከትፉ ነበር። እህቴ ግማሽ በቀልድ፣ ግማሽ በንዴት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እማዬ፣ አንድ የታመመ ሰው ዛሬ መድኃኒቴን አልወስድም ቢልሽ መጀመሪያ ምን ትይዋለሽ?» አለቻቸው።

«ምን ሆነህ ነው? ነዋ የምለው፣ ሌላ ምን እለዋለሁ?»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔም የመልሱን ገጽ ገልጬ በጣቴ አሳየኋት። እናታችን ቢላዋቸውን እንደያዙ ብቅ አሉና አንዴ እኔን፣ አንዴ መጽሐፉን፣ አንዴ እርሷን አይተው፦

«ይሄን ሊጠይቁሽ ነው እንዴ 200 ዶላር የሚያስከፍሉሽ?» አሉ።